ጉሉኮስ የተሰካላት አበባ

ባለፈው ሰኔ ለሥራ ባሕር ዳር ሄጄ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል አርፌ ነበር። ጠዋት ለቁርስ ወደ በረንዳው ስወርድ አንድ ሽታ አስቆመኝ። ጣፋጭና ከበድ ያለ ሽታ ነው፤ የቡና አበባ ያሸተተ ሰው በጥቂቱ ያውቀዋል። ዞር ብዬ ሳይ ከደረጃው ሥር እስከ ወገቤ የምትደርስ ጋርዴኒያ ነጫጭ አበቦቿን ዘርግታ ቆማለች። አንድ አትክልተኛ በአንድ እጁ የያዘውን ስልክ እያየ፣ በሌላው እጁ እንደ ጎመን መደብ ውሃ በጎማ ይለቅባታል።

ሌላ ሰው ቢሆን "እንዴት ደስ ትላለች" ብሎ ወደ ቁርሱ ይሄዳል። እኔ ቀናሁ። ሰውየውን ገፍትሬ ጎማውን ልቀማው ምንም አልቀረኝም። ዕድሜዬ ለእንዲህ ያለ ነገር አይመችም፤ ቢሆንም ቆሽቴ ልክ በዐሥር ዓመቴ ያርር እንደነበረው አረረ። ቁርሱን ትቼ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ።

ያኔ የምንኖረው በእትዬ ደብሪቱ ግቢ ነበር። አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ከናዝሬት ተዛውሮ ሲመጣ እዚያ ግቢ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየንና በዚያው ቀረን። እትዬ ደብሪቱ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ስፒርት ስፒርት የሚሸቱ ሴት ነበሩ። ሰው ሲያነጋግሩ የእጁን አንጓ ይዘው ነው። እኔ ሰላምታ ይመስለኝ ነበር። ለካ የልብ ምት እየቆጠሩ ኖሯል፤ ስዋሽ ቶሎ የሚደርሱብኝም በዚያ ነው።

ጋርዴኒያዋን አንዲት የሥራ ባልደረባቸው ሰጥታቸው፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ሙሉ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነው ያመጧት። ባሕር ዳር ውስጥ ሁለተኛ እንደሌላት ይምሉ ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኔ ግን ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ "በኢትዮጵያ" እያልሁ አወራ ነበር። ክረምት ከበጋ ቅጠሏ አይረግፍም። ቅጠሎቿ ቅባት የተቀቡ ይመስል ያብረቀርቃሉ። አመሏ ግን አይጣል ነው። የቀትር ፀሐይ አትወድም፤ ስለዚህ ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ አሮጌ ነጠላ ይጣልባታል፣ በዚህም የተነሳ ግቢው ውስጥ "ሙሽሪት" ነው የምትባለው። ንፋስ አትወድም። ከቦታዋ መነቅነቅ አትወድም። የቧንቧ ውሃም "ይከብዳታል" ተብሎ፣ ክረምት ከጣራ የወረደ ዝናብ በበርሜል ተጠራቅሞ ይቀመጥላታል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተሞላቅቃ አንድ አበባ እንኳ አላወጣችም። እናቴ "እኔን ይህን ያህል ቢንከባከቡኝ በየወሩ ነበር የማብበው" ትል ነበር።

ውሃ የምትጠጣውም እንደ ሌላው ተክል አይደለም። እትዬ ደብሪቱ ዘንድ ከሥራ ዘመናቸው የቀረ የጉሉኮስ ላስቲክ ከነቱቦው ነበር። እሱን በእንጨት ላይ ሰቅለው የዝናቡን ውሃ ይሞሉበታል፤ ውሃው በቱቦው ወርዶ ጠብ፣ ጠብ እያለ ሥሯ ላይ ያርፋል። ቱቦው መካከል አንዲት ትንሽ መዘውር አለች፤ በአውራ ጣት ሲገፏት ጠብታው ይፈጥናል፣ ሲመልሷት ይዘገያል። ያቺ መዘውር የእኔ ነበረች። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርሁ ከሰዓት በኋላ ላስቲኩን እሞላለሁ፣ መዘውሯን ከፈት አደርጋለሁ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እቆጥራለሁ። "በአንድ ትንፋሽ አንድ ጠብታ" ነበር ትእዛዙ።

አበባዋ የታመመች ይመስለኝ ነበር። ጉሉኮስ የሚሰካው ለበሽተኛ ነዋ። ስለዚህ አጠገቧ ጮክ ብዬ አላወራም፤ ነጠላዋን ሳነሳ "እግዜር ይማርሽ" እላታለሁ፤ ዘመድ የሌላት በሽተኛ እየመሰለችኝ አንዳንዴ ከምሳዬ ቆርሼ ሥሯ ላይ አስቀምጥላት ነበር። ከእትዬ ደብሪቱና ከእኔ በቀር ያቺን መዘውር የሚነካ ሰው አልነበረም። በዚያ ግቢ ውስጥ የእኔ የሆነ ሌላ ነገር ትዝ አይለኝም።

የካቲት ላይ ከእኛ ማዶ ያለው ቤት ተከራየ። የገቡት ጋሽ ኑሩ የሚባሉ የወረታ ሰው ናቸው፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ። ከሚስታቸውና ከአንዲት ልጃቸው ጋር ነው የመጡት። ልጅቱ ሰሚራ ትባላለች፤ እኩያዬ ናት፣ በቁመት ግማሽ ራስ ታንሰኛለች፣ ጣቶቿ በሂና ቀልተዋል። በገቡበት ዕለት እትዬ ደብሪቱ እንደ ልማዳቸው አንጓዋን ያዙና ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘርግተው አዩዋቸው።

"እዩልኝ ይችን ልጅ! የነርስ ጣት ነው ያላት" አሉ።

የእኔን ጣት ማንም አይቶልኝ አያውቅም። ቤት ገብቼ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። አጫጭርና ወፍራም ናቸው፣ ጥፍሬ ሥር ጭቃ አለ። በሳሙና ፈትጌ ታጠብሁ። ጭቃው ለቀቀ፣ ጣቶቹ ግን አልረዘሙም።

ሰሚራ ክፉ ልጅ ብትሆን ኖሮ እንዴት በተገላገልሁ! ክፉ አልነበረችም። አባቷ ሐላዋ ሲያመጡላት ግማሹን በወረቀት ጠቅልላ ታመጣልኛለች። ሐላዋውን እበላለሁ፤ ጥላቻዬን ግን በአንድ ጉርሻ እንኳ አልቀነስሁላትም። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ እናቴ "ጨዋ" ትላታለች። በር ስትዘጋ ድምፅ አታሰማም፣ አባቴ "አየሽ፣ እንደ እሷ ነው በር የሚዘጋ" ይለኛል። የገዛ አባቴ! አንጀቴ እያረረ በሩን አላግቼው እወጣለሁ።

መዘውሯን ያጣሁት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ ከሰዓት ልጆች ውጭ ገመድ ዝላይ ጀምረው "ፍሬ! ፍሬ!" እያሉ ይጠሩኛል። ላስቲኩ ገና ሙሉ ነው። ሙሽሪት አንድ ቀን ቶሎ ብትጠጣ ምን ትሆናለች ብዬ መዘውሯን እስከ ጥግ ገፋኋትና ሮጥሁ። ስመለስ እትዬ ደብሪቱ ጭቃው መሐል ቆመዋል። አልተቆጡም፤ አንጓዬን ያዙኝ።

"ፍሬ፣ አንች ለሩጫ ነው የተፈጠርሽ" አሉኝ፤ "አይዞሽ፣ እሱም አንድ ጸጋ ነው። ይችን ነገር ሰሚራ ትያዛት።"

በቃ፣ ያችው ናት። ሰሚራ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበረች ውሃው ወደ ጠዋት ዞረ። እኔ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ላስቲኩ ባዶውን ተንጠልጥሎ፣ አፈሩ እኩል ርሶ፣ በርጩማው ግድግዳ ተደግፎ አገኘዋለሁ። የእኔ በርጩማ ነው። ከሥሩ ሂና የነካው ነገር አለ ብዬ እየገለበጥሁ አየው ነበር።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ሙሽሪት እምቡጥ አወጣች። ሦስት ናቸው፤ አረንጓዴ፣ ጥምዝምዝ ያሉ፣ የሕፃን ጣት የሚያካክሉ። መጀመሪያ ያየቻቸው ሰሚራ ናት። እትዬ ደብሪቱ እልል ሲሉ የግቢው ሰው ሁሉ ወጣ፣ ከአጥር ማዶ እትዬ አሰለፍም መጡ። እትዬ አሰለፍ ሠፈሩ ውስጥ ያልታየና ያልተሰማ ነገር የማያልፋቸው ጎረቤታችን ናቸው።

"ሦስት ዓመት የጠበቅኋት!" አሉ እትዬ ደብሪቱ። የሰሚራን እጅ ይዘው ወደ ላይ አነሱት። "የዚች ልጅ እጅ ነው። እጇ ነው ያስወለዳት!"

እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ጠብታ የቆጠርሁ እኔ ነኝ። ከምሳዬ ቆርሼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። አንድ ሰው እንኳ ወደ እኔ ዞር አላለም። ልቅሶዬ እንዳይታይብኝ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍሁ፤ ቁጭ ብዬም አሰብሁ።

ያሰብሁት ይህንን ነው። እናቴ ጓሮ ጎመንና ጌሾ አላት። የከሰል ምድጃዋን አመድ ጠዋት ጠዋት ለእነሱ ነው የምትሰጠው፤ "አመድ ያልቀመሰ ጎመን ጎመን አይባልም" ትላለች። ጎመኗ ጃንጥላ የሚያህል ቅጠል ነበረው። ታዲያ ሙሽሪት ሦስት ዓመት ሙሉ ውሃ ብቻ እየጠጣች ማን አብልቷት ያውቃል? ሰሚራ ብታጠጣት እኔ አበላታለሁ። ስትፈካ የምትፈካው በእኔ እጅ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እትዬ ደብሪቱ ለማን እልል እንደሚሉ እናያለን።

በማግስቱ ጀመርሁ። ጠዋት ትምህርት ቤት ልሄድ ስል ከምድጃው ሁለት እፍኝ አፍሳለሁ፣ በማንኪያ ሥሯን ጫር ጫር አድርጌ እቀብራለሁ፣ አፈሩን መልሼ እደለድላለሁ። ጎንበስ ብዬም "እኔ ነኝ፣ ፍሬ ነኝ። ስትፈኪ ለእኔ ፍኪ" እላታለሁ። በየቀኑ ነበር። እሑድን እንኳ አላለፍሁም።

ሦስት ሳምንት ያህል እንደሄደ ቅጠሎቿ መልካቸውን ለወጡ። መጀመሪያ ጫፍ ላይ ያሉት፣ ቀጥሎ መሐሉ ቢጫ ሆነ፤ ጅማቶቻቸው ብቻ አረንጓዴ ሆነው እንደ ሽማግሌ እጅ ጎልተው ወጡ። ከዚያ አንደኛው እምቡጥ ጠቁሮ ወደቀ። እትዬ ደብሪቱ ወንበር አውጥተው አጠገቧ ዋሉ። ቅጠሏን በሁለት ጣት ይይዛሉ፣ አንጓ እንደሚይዙት። ነጠላውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞሩላት። የጠብታውን ልክ ቀነሱላት። ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

እትዬ አሰለፍ መጡና ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ዓይን ነው" አሉ። "ደብሪቱ፣ ምን ትለፊያለሽ፣ ዓይን ነው የበላት። ያን ዕለት እልል ብለሽ የሰው ዓይን ላይ ጣልሻት።"

"ተይ እንግዲህ አሰለፍ፣ እኔ ነርስ ነኝ" አሉ እትዬ ደብሪቱ።

"ነርስ ብትሆኝስ? ሦስት ዓመት ምን ሆነች? ምንም። ግቢው አዲስ ዓይን ሲገባበት ይኸው" አሉና በአገጫቸው ወደ ማዶው ቤት አመለከቱ። በማግስቱ ጤና አዳም አምጥተው ሙሽሪት ሥር ተከሉ። እትዬ ደብሪቱ አልነቀሉትም፤ ስለ ማዶው ቤት የተባለውንም አላስተባበሉም።

እኔ ግን ዓይኑ የማን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። በዚያ ግቢ ውስጥ ያቺን አበባ በክፉ ዓይን ያየ ሰው ቢፈለግ ከእኔ ሌላ ማን ይገኛል? ሰሚራ እምቡጦቹን ስትቆጥር ከመስኮት ሆኜ ስንት ቀን "ምነው ባደረቃት" ብያለሁ! ቡዳ የሚወለድ እንጂ የሚጀመር አይመስለኝም ነበርና ይህ ነገር በማን በኩል እንደመጣብኝ አሰላሰልሁ። የናዝሬት አያቴን ጠረጠርሁ።

ዓይኔን ልፈትነው ወሰንሁ። የእናቴን ትልቁን ጎመን መርጬ በቀትር ትኩር ብዬ አየሁት፤ ጥቂት ቆይቶ ጠወለገ። ፀሐዩ አናት ይበሳ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ቀጥዬ የእትዬ አሰለፍን ቀይ ዶሮ በአጥር ቀዳዳ ዓይኔን ሳላርገበግብ እስክትጠፋ ድረስ አየኋት። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ለፋሲካ ታርዳ ነው፤ ግን ሞታለች አይደል? በመጨረሻ የአባቴን የመላጫ መስተዋት አንስቼ የራሴን ዓይን ልመለከት ስል ራሴን እንዳልበላ ፈራሁና ገለበጥሁት።

ከዚያ ወዲያ ሙሽሪት አጠገብ የማልፈው ዓይኔን ጨፍኜ ሆነ። ሁለት ጊዜ ከልብስ ማስጫው እንጨት ጋር ተጋጭቼ ግንባሬ አብጧል። ያጠፋሁትን ለመካስም አመዱን ከሁለት እፍኝ ወደ አራት ከፍ አደረግሁት። እሱንም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምቀብረው። ሁለተኛው እምቡጥ ወደቀ፣ ቀጥሎ ሦስተኛው።

ወሬው ከግቢ ወጣ። ቦኖ ላይ ሴቶች የሰሚራ እናት ስትመጣ ጀሪካናቸውን ያነሳሉ፣ ልጆቻቸውን ወደ ኋላቸው ይስባሉ። ማንም ምንም አይላትም። እናቴም ምንም አላለችም፤ እኔ ግን እጇ ትከሻዬን ሲጎትተኝ ተሰምቶኛል። ሰሚራ ሐላዋ ማምጣቷን አቆመች። ውሃውን ግን በየጠዋቱ ትሞላለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ኑሩ ሱቃቸውን ዘግተው መጡና በእትዬ ደብሪቱ በር ላይ ቆሙ። እኔ ደረጃው ላይ የቤት ሥራ እየሠራሁ ነው።

"እትዬ ደብሪቱ፣ ቤት አግኝቻለሁ። ማክሰኞ እንወጣለን" አሉ።

"ምነው ኑሩ ልጄ? ምን ጎደለብህ?"

"የጎደለ የለም። ልጄ ስታልፍ ሰው ልጁን ይሸሽጋል። በዓይን ስሟ እየተነሳ እዚህ ላሳድጋት አልችልም።"

"እኔ ብያለሁ? ከእኔ አፍ ወጥቷል?"

"ከእርስዎ አፍስ አልወጣም" አሉ ጋሽ ኑሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። "ሲባል ግን ዝም ብለዋል።"

እትዬ ደብሪቱ የጋሽ ኑሩን እጅ ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉና መለሱት። እኔ ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ በርጩማዬም መዘውሬም ይመለሱልኛል። ደስታው ግን እስከ ራት አልቆየም። የበላሁት እኔ፣ የሚባረሩት እነሱ። ይህን የሚያውቅ እግዚአብሔርና እኔ ብቻ ነን። ተናግሬ ቡዳ ከምባል ዝም ብዬ ማክሰኞ ይለፍልኝ ብዬ ሦስት ቀን ሆዴን ይዤ ከረምሁ።

ማክሰኞ ማለዳ፣ ገና ትምህርት ቤት ሳልሄድ፣ ሁለት ጋሪ መጣ። ፍራሹ፣ ቁም ሣጥኑ፣ ድስቱ ተጫነ። ሰሚራ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ወደ እኔ መጣች፤ አልተሰናበተችኝም፣ አላለቀሰችም።

"ዛሬ ውሃዋን አልጠጣችም" አለችኝ። "በርሜሉ ግማሽ ነው። መዘውሯን አብዝተሽ አትክፈችባት፣ ቀስ እያልሽ ስጫት።"

ከዚያ ሄዳ ጋሪው ላይ ወጣች። እኔ እንደ እብድ ወደ እትዬ ደብሪቱ ሮጥሁ። "እኔ ነኝ!" ብዬ ጮኽሁ። "እትዬ፣ እኔ ነኝ ቡዳዋ! በዓይኔ የበላኋት እ..."

አልጨረስሁም። እናቴ ከየት እንደመጣች አላውቅም፤ መዳፏ አፌ ላይ ነው። ወደ ቤት እየጎተተች አስገባችኝና በሩን ዘጋችው። 

"ይህንን ቃል ሁለተኛ እንዳትይው! ማን ቤት ያከራየናል? ማንስ ያገባሻል? በራስሽ አፍ!" አለችኝ። ጋሪዎቹ ሲወጡ የጎማቸውን ድምፅ ሰማሁ።

ጥቂት ቆይቶ እትዬ ደብሪቱ ራሳቸው መጡ። እናቴን "ለቀቅ አድርጊያት" ብለው አጠገቤ ተቀመጡና አንጓዬን ያዙ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ መስኮቱን፣ ጎመኑን፣ ዶሮዋን፣ የናዝሬት አያቴን። ዓይኔ እንዳያርፍባቸው ወለሉን እያየሁ ነው የማወራው። ሙሉ በሙሉ ክፉ እንዳልሆንሁ እንዲያውቁልኝም አንድ ነገር ጨመርሁ።

"ግን እትዬ፣ እንድትድንማ ጠዋት ጠዋት አመድ እሰጣት ነበር።"

አንጓዬን የያዙት ጣቶች ጠበቁ። "ምን ትሰጫት ነበር?"

"አመድ። ከምድጃ።"

እትዬ ደብሪቱ ተነስተው ወጡ፤ እኛም ተከተልናቸው። የወጥ ቤት ቢላ ይዘው ሙሽሪት ሥር ተንበረከኩ። ጤና አዳሙን ነቅለው ወረወሩትና መቆፈር ጀመሩ። ከላይ አንድ ጣት አፈር አለ፤ ከሥሩ ግራጫ ነው። እየዛቁ ሣህን ውስጥ ጨመሩት። ሣህኑ ሞላ፣ ሌላ ሣህን አስመጡ። የእኔ እፍኝ ይህን ሁሉ ያህላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እጁ አመድ አፋሽ የሆነ ሰው ሲባል እሰማለሁ፤ ያን ቀን ግን የሚባለው ለእኔ መሆኑን አየሁ።

"ይች እኮ የቡና ዘመድ ናት" አሉ እትዬ ደብሪቱ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ሳይለይ። "ኮምጠጥ ያለ አፈር ነው የምትሻ። ለጎመን መድኃኒት የሆነ ለእሷ መርዝ ነው። ዓይን አሉ! ዓይን! እኔም አርባ ዓመት መርፌ ወግቼ ዝም ብዬ ሰማሁ።" ቢላውን ጣሉትና መሬት ላይ ተቀመጡ። እናቴ ልትመታኝ እጇን አነሳች፤ እትዬ ደብሪቱ ሳይዞሩ "ተያት" አሉ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እኔን በአንጓዬ ይዘው የጋሽ ኑሩ ሱቅ ሄዱ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሴቶች ጨርቅ ያማርጣሉ። እትዬ ደብሪቱ ሴቶቹ እስኪወጡ አልጠበቁም።

"ኑሩ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁ። አበባዋን የጎዳት አመድ ነው እንጂ ዓይን አይደለም። ቢሆንም ባይሆንም ዝም ያልሁት እኔ ነኝ" አሉ። የማን አመድ እንደሆነ አልተናገሩም።

ጋሽ ኑሩ ብድግ ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላቸው። "ይቅር ለእግዜር። ምንም አልያዝሁብዎትም" አሉ። "መመለሱ ግን አይሆንም፣ እትዬ። ልጅቱ አዲሱ ቤት ገብታ፣ አልቅሳ አልቅሳ ተኝታለች። እንደገና ልብስሽን ሸክፊ ብዬ ልቀሰቅሳት አልችልም።"

እንዲህ ሆነና ሁሉም ነገር የእኔ ሆነ። እትዬ ደብሪቱ ከዘጌ የቡና ጫካ አፈር በጀልባ አስመጡ፣ አንድ ጆንያ ሙሉ፣ ጥቁርና ልስልስ። ሙሽሪትን ከነሥሯ አጥበው በእሱ ተከሏት። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ በርሜሉን ሞላው። በርጩማው የእኔ ነው፣ መዘውሯም የእኔ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ አንድ ጠብታ እቆጥራለሁ፣ ለገመድ ዝላይም አልነሳም። የሚያየኝ ግን የለም። ጠብታ ስቆጥር ዓይኔ ወደ ማዶው መስኮት እየሄደ ያስቸግረኝ ነበር። መስኮቱ ላይ መጋረጃ እንኳ የለም።

ነሐሴ ላይ አንድ እምቡጥ መጣ፤ አንድ ብቻ። አንድ ጠዋት እትዬ ደብሪቱ በመስኮት ጠሩኝ፣ ከሁሉ በፊት እኔን። ሙሽሪት ፈክታለች። እንደ ወተት ነጭ፣ በአንድ ላይ የተደራረበች፣ ሽታዋ እስከ በሩ የሚሄድ። እትዬ ደብሪቱ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆሙ። ከዚያ መቀስ አምጥተው ቆረጧትና በብርጭቆ ውሃ አድርገው ሰጡኝ።

"ያንች ናት፤ ለፍተሽባታል" አሉኝ። "በጣትሽ ብቻ እንዳትነኪያት፣ የነኩት ቦታ ይጠቁራል።"

ይህንን ቃል ከየካቲት ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባል፤ ግን አበባዋን እያየሁ በሐሳቤ የመጣ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰሚራ ትያት። ሰሚራ ትያትና ትቅና። ያላየችው አበባ ያበበ አልመሰለኝም። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ በጭቃው መሐል እየተንሸራተትሁ ገበያ ድረስ ሄድሁ። ዝናብ ያካፋል። በየመንገዱ እየቆምሁ ደህና መሆኗን በጣቴ ነካ ነካ አደርጋለሁ፤ ስደርስ ዳሯ ሁሉ ቡናማ ሆኗል።

ሰሚራ ከሱቁ ኋላ በጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ብርጭቆውን አስጠጋሁላት። ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ ዓይኗን ጨፍና ደግማ አሸተተች። አልቀናችም፤ ወይም አላስታወቀችብኝም።

"አባቴ የጎዳት አመድ ነው አለኝ" አለች።

በሩን አየሁ። "እኔ ነኝ" አልሁ።

"አውቃለሁ። በየጠዋቱ በመስኮት አይሽ ነበር።"

"ታዲያ ለእትዬ ለምን አልነገርሽም?"

ዞር ብላ አባቷን አየች። ጋሽ ኑሩ ለአንዲት ሴት ጨርቅ እየለኩ ነው። ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"እትዬ ያዘዙሽ መስሎኝ ነዋ። ለእኔ ውሃውን ሰጥተው ዋናውን ምግብ ለአንች ብቻ የነገሩሽ መሰለኝ። ሆዴ ቅጥል አለ። አንች ትምህርት ቤት ስትሄጅ እኔም ከእናቴ ምድጃ እያፈስሁ እጨምርላት ነበር።"

"ስንት እፍኝ?" አልኋት።

"አንች ሁለት ስታደርጊ ሦስት" አለችኝ፤ "አራት ስታደርጊ አምስት።"